በእስትንፋስ የሚገባው መድኃኒትና የልኩ ነገር

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

መድኃኒት ወደ ሰው ገላ የሚገባበት በር ብዙ ነው። የሚዋጠው በአፍ ይገባል፤ የሚቀባው በቈዳ ይሰርጋል፤ የሚወጋው በመርፌ ወደ ሥጋ ወይም ወደ ደም ሥር ይደርሳል። ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜ የማያንስ፥ ነገር ግን የሰው ልጅ በልክ ሊጠቀምበት ብዙ ሺህ ዓመት የፈጀበት ሌላ በር አለ፤ እርሱም እስትንፋስ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ከሥራ ባልደረባዎ ኪስ ወይም ከጠረጴዛው መሳቢያ ብቅ የምትለውን፥ የአስም ሕመምተኛ ወደ አፉ አስጠግቶ ጫን የሚያደርጋትን ትንሽ የመድኃኒት ጣሳ ሳያዩ አልቀሩም። እርስዋ የዚህ በር ቍልፍ ናት። እንዴት እንደ ተገኘች፥ ከተገኘችም በኋላ ምን ዐይነት ጥፋት እንደ ተከተላት ዛሬ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንፋሎትና ከጢስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በግብፅ አገር የተጻፈው፥ ዛሬ የኤበርስ ፓፒሩስ የሚባለው የሕክምና ጥቅልል፥ መድኃኒቱ በጋለ ድንጋይ ላይ ተደርጎ፥ ግርጌው የተበሳ ሸክላ ተደፍቶበት፥ ሕመምተኛው በቀዳዳው መቃ ሰክቶ እንፋሎቱን እንዲስብ ያዛል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጉንፋን ሲይዘው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ፥ ጋቢ ተከናንቦ ያልታጠነ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሕመሙ ከደረት ከሆነ መድኃኒቱም ሳይዞር ወደ ደረት ይውረድ የሚል ነው። የጐደለው ልክ ነበር። ጢስ አይመዘንም፤ እንፋሎት አይሰፈርም። አንዱ ብዙ ስቦ ሲደነዝዝ፥ ሌላው ምንም ሳይደርሰው ይቀራል።

በ1778 በእንግሊዝ አገር በፕሊመስ ከተማ የሚኖሩት ሐኪም ጆን ማጅ፥ የቢራ መጠጫ የሚሆን ክዳን ያለው የብረት ዋንጫ ወስደው፥ እጀታውን አየር እንዲያስገባ በስተው፥ በክዳኑ ላይ ተጣጣፊ ቧንቧ ቀጥለው፥ ሳል ለያዛቸው ሰዎች የእንፋሎት መሳቢያ ሠሩ። በሐኪም ቤት ሁሉ የሚነገረውን «ኢንሄለር» የሚለውን ስም ለዚህ ዐይነቱ መሣሪያ የሰጡት እርሳቸው ናቸው። እኚህ ሰው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለከዋክብት መመልከቻ መነጽር በሠሩት መስተዋት ከእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ሜዳይ የተሸለሙ ናቸውና፥ እጃቸው ብልኅ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ከዚያም በእንፋሎት ሞተር ስማቸው የገነነው ጄምስ ዋት በ1794 ሴት ልጃቸውን የሳምባ ነቀርሳ ገደለባቸው። ሐዘንተኛው አባት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ከዶክተር ቶማስ ቤዶስ ጋር ሆነው ልዩ ልዩ ጋዝ እያመረተ ለሕመምተኛ የሚያስተነፍስ መሣሪያ ሠሩ፤ በ1799ም ቤዶስ በብሪስቶል ከተማ ለዚሁ ሕክምና የሚሆን ቤት ከፈቱ። ነቀርሳ ግን በጋዝ አልተፈወሰም። በዚያ ቤት ይሠራ የነበረው ወጣት ሃምፍሪ ዴቪ የሚያስቅ ጋዝ የሚባለውን በራሱ ላይ ሞክሮ፥ ሕመምን እንደሚያደነዝዝ ጻፈ፤ ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ድካም የተረፈው ጥቅም ለሳምባ ሳይሆን ለቀዶ ሕክምና ሆነ። እርሱም ቢሆን ሥራ ላይ የዋለው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በ1802 ደግሞ ጄንት የሚባሉ የእንግሊዝ ጄኔራል ከሕንድ አገር ከማድራስ ሲመለሱ፥ ሕንዶች ለአስም የሚያጨሱትን ዳቱራ የሚባል ተክል ይዘው መጡ። ይህ ተክል በየአጥሩ ሥርና በየቈሻሻ መጣያው የሚበቅለው፥ አበባው እንደ መለከት፥ ፍሬው እሾኻም የሆነው የእኛው አስተናግር ዘመድ ነው፤ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። ስሙ ራሱ ጠባዩን ይመሰክራል፤ የበላውን ሰው ያስለፈልፈዋል፥ ያሳብደዋል፥ ሲበዛም ይገድለዋልና ማንም በገዛ እጁ ሊሞክረው አይገባም። ቢሆንም ጢሱ የተኰማተረውን የአየር ቧንቧ የሚያላላ መሆኑ እውነት ነው። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት ከዚሁ ቅጠል የተጠቀለለ የአስም ሲጋራ በኤውሮፓና በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። ስመ ጥሩው የፈረንሳይ ደራሲ ማርሴል ፕሩስት ከልጅነታቸው ጀምሮ በአስም ሲሠቃዩ፥ በዚሁ ሲጋራና በሚጤስ ዱቄት ይታገዙ ነበር። ደረቱን ለታመመ ሰው ሲጋራ ማዘዝ ዛሬ ሊያስቀን ይችላል፤ በዚያ ዘመን ግን ሐኪሙ በእጁ የነበረው ይኸው ነበር። ደግሞም መላው ከንቱ አልነበረም፤ በዚህ ተክል ውስጥ ካለው አትሮፒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ተሻሽሎ የተሠራው ኢፕራትሮፒየም እስካሁን ድረስ በሳምባ ሐኪሞች ይታዘዛል።

ጢስን ትቶ፥ መድኃኒትን በውሃ በጥብጦ እንደ ጉም አድርጎ የመንፋት ሐሳብ በፈረንሳዮች ዘንድ ጐለበተ። በ1858 የፓሪሱ ሐኪም ሳል ዢሮን፥ እንደ ብስክሌት መንፊያ በእጅ እየተገፋ ውሃውን በቀጭን ቀዳዳ አስፈንጥሮ ወደ ካፊያ የሚለውጥ፥ ከቦታ ወደ ቦታ ሊወሰድ የሚችል መሣሪያ አሳዩ። ወዲያውም በሐኪሞች መካከል ክርክር ተነሣ፤ ይህ ካፊያ እውነት ሳምባ ድረስ ይዘልቃልን? ወይስ ጉሮሮ ላይ ይቀራል? ክርክሩ ተገቢ ነበርና ነገሩን በጥቂቱ ማስረዳት ይገባል።

የሰው ሳምባ ተገልብጦ እንደ ቆመ ዛፍ ነው። ግንዱ ከጉሮሮ የሚወርደው ዋናው የአየር ቧንቧ ነው፤ እርሱ ለሁለት፥ ሁለቱ ለአራት፥ አራቱ ለስምንት እየተከፈሉ ከ20 ጊዜ በላይ ይባዛሉ፤ በመጨረሻም በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቈጠሩ ደቃቅ የአየር ከረጢቶች ይደርሳሉ። ይህ ዛፍ ከአቧራ እንዲጠበቅ መንገዱ ጠመዝማዛ ሆኖ ተሠርቷል። ትልቅ ጠብታ በፍጥነት ሲገባ፥ ጭነት የበዛበት የጭነት መኪና መታጠፊያው ላይ መዞር አቅቶት ከመንገድ እንደሚወጣ ሁሉ፥ ከጉሮሮ ግድግዳ ጋር ይላተምና እዚያው ይቀራል። እጅግ ደቃቅ የሆነው ደግሞ ከአየሩ ጋር ተንሳፎ ገብቶ ተንሳፎ ይወጣል። ወርዶ በቦታው የሚያርፈው በመካከል ያለው፥ ስፋቱ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን የሚደርሰው ብናኝ ነው። ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የራስ ጠጉር ውፍረት እንኳ 70 ማይክሮን ያህል ይሆናል። እንግዲህ ባለመሣሪያው የሚፈለግበት፥ ከጠጉር ከ10 ጊዜ በላይ የቀጠነ ጠብታ፥ ያውም አንድ ዐይነት አድርጎ፥ በየጊዜው እኩል መጠን መስጠት ነው። በዓይን የማይታይን ነገር በልክ ማደል ማለት ነው።

በ1901 ጃፓናዊው የቅመም ሊቅ ዮኪቺ ታካሚኔ አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ነጥሮ እንደ ተገኘ ለዓለም አስታወቁ። ይህ መድኃኒት በአስም የታፈነን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያስተነፍሳል፤ ነገር ግን ሲዋጥ ኀይሉ ስለሚጠፋ በመርፌ ይሰጥ ነበር። ቆይቶም በብርጭቆ በተሠራ፥ የላስቲክ ፊኛ በሚጨመቅበት መንፊያ መሳብ ተጀመረ። በ1940 ገደማም በጀርመኖች የተቀመመው ኢሶፕሬናሊን ተከተለ። መድኃኒቱ ተገኘ ማለት ነው፤ ዕቃው ግን አስቸጋሪ ነበር። ብርጭቆው ይሰበራል፥ ፈሳሹ ይበላሻል፥ ፊኛው አንድ ጊዜ ጠንከር አንድ ጊዜ ለዘብ ብሎ ስለሚጨመቅ መጠኑ ይለዋወጣል። ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው በሚንቀጠቀጥ እጅ ብልቃጥ የሚከፍት ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር አንባቢ ይገምተው።

መፍትሔው የመጣው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከትንኝ ማጥፊያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት የሚሠሩት ጉድሂውና ሰሊቫን የተባሉ ባለሙያዎች፥ ወታደሮችን ከወባ ትንኝ ለማዳን፥ ተጨምቆ ፈሳሽ በሆነ ጋዝ የሚገፋ፥ ጫን ሲሉት በራሱ የሚረጭ የፀረ ተባይ ጣሳ ሠሩ። በየቤታችን ፍሊት እያልን የምንነፋው ሁሉ የዚህ ልጅ ነው። ከጦርነቱም በኋላ ያው ጣሳ ለሽቶና ለጠጉር ማሰማመሪያ ዋለ።

በ1955 በካሊፎርኒያ የራይከር መድኃኒት ፋብሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ጆርጅ ሜይሰን፥ የ13 ዓመት ልጃቸው የአስም ሕመምተኛ ነበረች። ልጅቱም የብርጭቆው መንፊያ ቢያስመርራት፥ መድኃኒቴ እንደ ጠጉር ማሰማመሪያው በጣሳ ለምን አይሆንም ብላ አባትዋን ጠየቀች። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ብዙ አባት በፈገግታ ያልፈዋል፤ እኚህ ግን ለፋብሪካው ባለቅመም ለኧርቪንግ ፖሩሽ ሥራውን ሰጡ። ፖሩሽ የጀመሩት ባዶ የኮካ ኮላ ጠርሙስ፥ የቆርኪ መግጠሚያና አሮጌ የአይስ ክሬም ማቀዝቀዣ ይዘው ነው፤ ጋዙ ካልቀዘቀዘ ተንኖ ይጠፋልና። ዋናው ቍም ነገር ግን ለሽቶ ጠርሙስ ተብሎ የተፈለሰፈ አንድ ቫልቭ መገኘቱ ነው። ይህ ቫልቭ በተጫኑት ቍጥር ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሃያኛውን፥ ማለት 50 ማይክሮ ሊትር ብቻ፥ ሰፍሮ ይለቃል፤ ጣቱን ያቆየ ሰው ከዚያ በላይ አያገኝም። ከጋለ ድንጋይና ከመቃ ጀምሮ የጐደለው ልክ በሽቶ ነጋዴ ዕቃ ተገኘ ማለት ነው። ነገሩ በዚያው ዓመት በሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ፥ በ1956 «ሜዲሄለር» ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝና ዌልስ የአስም ሞት ይጨምር ጀመር። አስም ሰውን ያሠቃያል እንጂ እምብዛም አይገድልም ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ሐኪሞቹ ግራ ተጋቡ። እጅግ የከፋው በልጆች ላይ የደረሰው ነው፤ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ በ1959 ከነበረው ጋር ሲነጻጸር በ1966 ሞቱ ወደ ስምንት እጥፍ ተጠግቶ ነበር። በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድም እንዲሁ ሆነ። ስፓይዘር፥ ዶልና ሂፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 የሞቱትን ሰዎች መዝገብ መርምረው፥ አብዛኞቹ ያቺኑ ትንሽ ጣሳ ሲጠቀሙ የነበሩ መሆናቸውን አሳወቁ። አሜሪካዊው ስቶሊ ደግሞ በ1972 አገሮችን እያነጻጸሩ ሲመረምሩ፥ ሞቱ የበረታው ከተለመደው አምስት እጥፍ የሚበልጥ ኢሶፕሬናሊን የያዘ «ፎርቴ» የሚባል ጣሳ በብዛት በተሸጠባቸው አገሮች መሆኑን አገኙ። በአሜሪካ ፎርቴው አልተሸጠም፤ የሞት ወረርሽኙም አልደረሰም።

ምክንያቱን ሲያስረዱ ሐኪሞች በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን መድኃኒቱ ሲበዛ አየር ያነሰውን ልብ ከልክ በላይ እያስደነገጠ ይገድላል አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጣሳዋ ለጊዜው እያቃለለች ሕመምተኛውን ስለምታታልለው፥ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድበትን ሰዓት ታስመልጠዋለች አለ። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ነገር ከአንደኛው የበለጠ ሊያስፈራን ይገባል፤ የመድኃኒቱ ዐይነት ቢለወጥም እርሱ አይለወጥምና። ጣሳዋ ሠራች ብሎ የተደሰተ ሰው፥ ቧንቧው በእብጠትና በአክታ እየተደፈነ መሄዱን አያውቅም፤ ሲያውቅ ጣሳዋ ብትነፋም የሚገባላት ቀዳዳ የለም። በእንግሊዝ አገር ማስጠንቀቂያ ለሐኪሞች ከተላከና በ1968 ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ከተከለከለ በኋላ ሞቱ ቀነሰ። ትምህርቱ ግን በደንብ አልተያዘም መሰል፥ ከ1976 ጀምሮ በኒው ዚላንድ ፌኖቴሮል በሚባል ሌላ መድኃኒት ተመሳሳይ ጥፋት ደርሶ፥ በ1989 በተመራማሪዎች ተገልጦ፥ መድኃኒቱ ሲገደብ ሞቱ ረገበ።

በዚሁ በጨለማው ጊዜ በእንግሊዝ አገር አንድ ሐኪም በራሳቸው ደረት ላይ ይሠሩ ነበር። ዶክተር ሮጀር አልቱንያን ከአርመን ወገን የሚወለዱ፥ በሶርያ በሐለብ ከተማ ያደጉ ናቸው፤ በልጅነታቸው የቤተ ሰባቸው ወዳጅ የነበሩት ደራሲ አርተር ራንሰም በ1930 ባወጡት የልጆች ልብ ወለድ ውስጥ ከሕፃናቱ አንዱን በስማቸው ጠርተውታል። አስም ነበረባቸው። በግብፅና በአካባቢዋ ኬላ ከሚባለው ተክል የሚገኘውን ንጥረ ነገር መነሻ አድርገው የተቀመሙትን መድኃኒቶች፥ የጊኒ ፒግ ጠጉር ሲያሸቱ አስማቸው ይነሣ ነበርና፥ ሆን ብለው ራሳቸውን እያሳመሙ አንድ በአንድ ሞከሩ። ይህን ለዓመታት ሲያደርጉ ቆይተው በ1965 ክሮሞግሊኬት የሚባለው ተገኘ። ይህ መድኃኒት የተነሣውን አስም አያስታግሥም፤ እንዳይነሣ አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ። ዱቄት ስለ ነበረም በጋዝ አልተገፋም። በጦርነቱ ጊዜ የአየር ኀይል አስተማሪ የነበሩት አልቱንያን፥ ሕመምተኛው አየር ሲስብ እንደ አውሮፕላን ፕሮፔለር እየተሽከረከረ ዱቄቱን የሚበትን ዕቃ ሠሩ። ኀይሉ የሕመምተኛው የራሱ ትንፋሽ ነው፤ ጣትና ትንፋሽ እኩል ይሁኑ የሚለው ችግር በዚህ ተቃለለ።

በ1969 የልብን ምት እንደ ኢሶፕሬናሊን የማያስቸኵለው ሳልቡታሞል ወጣ፤ በአገራችን ቬንቶሊን ተብሎ የሚታወቀው ነው። በ1972 ደግሞ የቧንቧውን እብጠት የሚያደርቀው ቤክሎሜታዞን ተከተለ። ይህ ሁለተኛው ወዲያው ትንፋሽ አያቀልምና ሕመምተኛው ጥቅሙን አይቶ አይወደውም፤ በየዕለቱ ሲሳብ ግን ከሞት የሚያድነው እርሱ ነው። የዓለም የአስም ሐኪሞች መመሪያ ትንፋሽ የሚያቀልለውን መድኃኒት ብቻውን መስጠትን የተወው ገና በ2019 ነው። ከእንግሊዝ ልጆች ሞት እስከዚያ ግማሽ መቶ ዓመት ማለፉን ልብ ይሏል። በዚያው በ2019 በዓለም ላይ 455,000 ያህል ሰው በአስም እንደ ሞተ የዓለም የጤና ድርጅት ገምቷል።

አሁን ወደ መጠኑ ነገር እንመለስ። ቫልቩ በልክ ሰፈረ ማለት ሳምባው በልክ ተቀበለ ማለት አይደለም። በ1981 በለንደን ኒውማንና ጓደኞቻቸው ጨረር በሚሰጥ ምልክት የነፉትን ብናኝ በመሣሪያ ሲከታተሉ፥ ሳምባ የደረሰው ከመቶው 9 ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ 80 ያህሉ በአፍና በጉሮሮ ቀርቷል። ጋዙ ከጣሳው የሚወጣው በከፍተኛ ፍጥነት ነውና፥ ቅድም ያወሳነው የጭነት መኪና ነገር ይደርስበታል። ስለዚህ ጣሳዋን የያዘ ሰው አስቀድሞ ሊወዘውዛት፥ ትንፋሹን አውጥቶ ሊጨርስ፥ ሲጫናትም በዚያው ቅጽበት በዝግታ ሊስብ፥ ከሳበም በኋላ እስከ 10 ድረስ ቈጥሮ ትንፋሹን ሊይዝ ያስፈልገዋል፤ ብናኙ የሚያርፈው በዚህች በጸጥታዋ ጊዜ ነው። ይህን አሟልቶ የሚያደርግ አዋቂ ጥቂት ነው፤ ሕፃን ደግሞ ጭራሽ አይችለውም።

ጋዙም ራሱ ሌላ ጣጣ አመጣ። ጣሳዋን ይገፋ የነበረው ክሎሮፍሎሮካርቦን ከፀሐይ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ ስለ ታወቀ፥ በ1987 በሞንትሪያል በተፈረመው ውል እንዲወገድ ተወሰነ፤ ለመድኃኒት ግን ምትክ እስኪገኝ ጊዜ ተሰጠ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የገባው ምትክ ደግሞ ኦዞንን ባይነካም፥ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ የበረታ ነው። በ2016 በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ የተደረሰው ስምምነት ይህንንም ጋዝ እንዲቀነስ ስለሚያዝ፥ ፋብሪካዎቹ እንደ ገና ወደ ሌላ ጋዝ ፍለጋ ተመለሱ።

የሕፃናቱ ጣጣ ግን በቀላል ነገር ተቃለለ። በጣሳውና በአፍ መካከል ባዶ ማሕደር ሲገባ፥ የተነፋው ጉም እዚያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ትልልቁ ጠብታ በማሕደሩ ግድግዳ ይቀራል፤ ሕፃኑም ደቃቁን ብቻ በራሱ ጊዜ ይስባል። ፋብሪካ የሚሠራው ይህ ማሕደር፥ ስፔሰር የሚባለው፥ ለብዙ ድኻ አገር ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። በ1999 በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ዶክተር ሄዘር ዛርና ባልደረቦቻቸው አስም የተነሣባቸውን ልጆች ወስደው አራት ዐይነት ማሕደር አወዳደሩ፤ የፋብሪካውን፥ 500 ሚሊ ሊትር የለስላሳ መጠጥ የላስቲክ ጠርሙስ ግርጌው ተበስቶ ጣሳዋ የገባችበትንና በማጣበቂያ የታሸገውን፥ ያንኑ ጠርሙስ ያልታሸገውን፥ አራተኛም የፎም ኩባያን። ከባድ አስም በነበረባቸው ልጆች ላይ የታሸገው ጠርሙስ ከፋብሪካው ጋር እኩል ሠራ፤ ያልታሸገው ከእርሱ አነሰ፤ ከሁሉ የደከመው ኩባያው ሆነ። ጠርሙሱን በደንብ ለመብሳት የጣሳዋን አፍ የሚያህል ሽቦ አግሎ በላስቲኩ ላይ መጫን፥ ሞቅ እያለም ሳለ ጣሳዋን ሰክቶ ዙሪያውን ማሸግ ይበቃል።